አምባራይሌ በኤረር በር

ዕፀገነት ዶክትሬቷን ይዛ ሐረር የተመለሰች ሰሞን የእናቷ ደጅ ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር። ደም ብዛት ያለባቸው መጡ፣ ወገባቸውን የሚቆርጣቸው መጡ፣ አንዲት ጎረቤትማ የባሏን ራጅ በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ዕፀገነት እንዳታሳፍራት ብላ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችላትና፣ «እኔ እንኳ የተማርኩት ስለ ዱር እንስሳ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ራጁን ቀስ አድርጋ ወደ ፌስታሉ መለሰች። ወሬው ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ተዳርሶ አደረ፤ ሰልፉም በዚያው ተበተነ።

እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ ከዚያ ወዲህ «ልጅሽ የምን ዶክተር ናት?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሲገኝ «የመንግሥት» ብለው ያልፋሉ።

እሳቸውን ከማዕረጉ ይልቅ ያሳፈራቸው ሥራው ነበር። ዕፀገነት ከከተማው ቁልቁል ባለው በኤረር ሸለቆ፣ በዚያ ደረቅ የእሾህ ዱር ውስጥ፣ ቅጠል በል እንስሳት በጋውን እንዴት እንደሚያልፉት ታጠናለች። ከሁሉም አብልጣ የያዘችው አምባራይሌን ነው። አምባራይሌ ከአጋዘን አነስ የሚል፣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች የወረዱበት፣ ወንዱ ጥምዝ ቀንድ ያለው፣ የገዛ ጥላው የሚያስደነግጠው እንስሳ ነው። ምንጩ ሁሉ በደረቀበት ወር ምን ይበላል? ውሃስ ከየት ያገኛል? ይህን የሚናገረው በጠጡ ነው። ስለዚህ ዕፀገነት በጠጥ ትለቅማለች፣ ቤት አምጥታ በሰፌድ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ ፈጭታ የየትኛው ቅጠል ስብርባሪ እንዳለበት በማይክሮስኮፕ ታያለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ፣ በጠጥ ለቀማ» ይላሉ ወይዘሮ ገላነሽ ሰፌዳቸውን በሐዘን እያዩ። እሳቸው ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው ቀኑን ሙሉ በሚያንጣጡበት በመኪና ግርግር፣ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ደንበኛ ሲገባ ልጃቸው ስለ ሥራዋ እንዳታወራ በዓይናቸው ይለምኗታል።

«ለመሆኑ እሱን አውሬ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት አንድ ቀን።

«ጭራውን አይቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትንከራተት ያገኘችው ወደ ቁጥቋጦ የሚሰወር ነጭ ጭራ ብቻ ነው። ዛፍ ላይ ያሰረቻቸው ካሜራዎችም ቢሆኑ አንዴ ጆሮ፣ አንዴ የኋላ እግር፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ነበር የሚያነሱላት።

አምባራይሌን በደንብ አውቀዋለሁ የሚሉት ኦቦ ዓብዱላሂ ናቸው። ኦቦ ዓብዱላሂ ወደ ሸለቆው መውረጃ ባለችው በሶፊ ገበሬ ሲሆኑ፣ ጫታቸውን ቆርጠው ጠዋት ጠዋት ወደ ጀጎል ምሥራቃዊ መውጫ፣ ወደ ኤረር በር ያመጣሉ። ዕፀገነት ወደ ሸለቆው የሚወርድ መኪና የምትጠብቀው እዚያው በመሆኑ በየጊዜው ይገናኛሉ፤ በተገናኙ ቁጥርም ይከራከራሉ።

«ያንቺ አምባራይሌ ጫቴን እየጨረሰው ነው» ይላሉ እሳቸው።

«ኦቦ ዓብዱላሂ፣ በጠጡ ውስጥ እኮ ጫት አላገኘሁም።»

«እንግዲያው በልቶ ሲያበቃ ሄዶ የሚጸዳዳው ሌላ ቦታ ነው። በበላበት ማሳ ላይ የሚጸዳዳ ባለጌ አይደለም።»

ይሳሳቁና ይለያያሉ። በሚቀጥለው ቀን ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የኤረር ወንዝ አሸዋ ሆነ፣ ግራሩ ቅጠሉን አራገፈ፣ ከሸለቆው የሚነሳው አቧራ ሐረር ድረስ ይመጣ ጀመር። ዕፀገነት ከዱር ስትመለስ የምታመጣው በጠጥ አነሰ። እንስሳቱ ወዴት እንደሄዱ አልገባትም፤ ማታ ማታ ካርታዋን ዘርግታ ታስባለች እንጂ መልስ አላገኘችም።

አንድ ጠዋት እናቷን ሱቅ ስታስከፍት ፈይሰል ባጃጁን በሩ ላይ ገትሮ ወረደ። ፈይሰልና ዕፀገነት አብረው ያደጉ የሰፈር ልጆች ናቸው። እናቱ እማማ ሩቂያ ከኤረር በር በላይ ባለው ቀጭን ቅያስ ውስጥ፣ በድንጋይ አጥር በተከበበ ግቢ ይኖራሉ።

«ዕፄ፣ እኛ ቤት አንድ ነገር ገብቷል» አላት።

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ፍየል እንዳልል ትልቅ ነው፣ ጥጃ እንዳልል ቀንዱ እንደ ገመድ ተገምዷል። የእማማን አበባ እየበላ ነው።» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። በእማማ ሩቂያ የአበባ ቆርቆሮዎች መሀል ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች፣ ሁለት ጥምዝ ቀንዶችና ወደ ካሜራው ያፈጠጡ ሁለት ጥቁር ዓይኖች ቆመዋል።

ዕፀገነት አንድ ጣቃ አቡጀዲ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋ እስኪወልቅ ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ ሩቂያ የሱብሂን ሶላት ሰግደው ደጃቸውን ሊጠርጉ በሩን ሲከፍቱ፣ ከኤረር በር በኩል ኮቴ ሰሙ። ቀና ሲሉ ቀንዳም ፍጡር ሽቅብ እየበረረ መጥቶ በአጠገባቸው ሽው ብሎ ግቢያቸው ገባ። ከኋላው ደግሞ ዙሩን ሳይጨርስ የነጋበት ጅብ ተከትሏል። እማማ ሩቂያ ጅቡን በመጥረጊያቸው ጠቆሙት። «አንተ ወራባ፣ ነግቷል፣ ቤትህ ግባ» አሉትና በሩን ዘጉበት። ጅብና የጀጎል ሰው ተላምደው የሚኖሩ ስለሆኑ ይህ አላስገረማቸውም። ያስገረማቸው እንግዳው ነው።

ዕፀገነት ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የፈይሰል ጓደኞች ገመድ ይዘዋል፤ አንዱ ቀንዱን፣ አንዱ እግሩን ሊይዝ ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ዕፀገነት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ስሙኝ። ይህ እንስሳ ከደነገጠና ያለ ልኩ ከታገለ ጡንቻው በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል። ዛሬ ብትይዙት በሕይወት ያለ ይመስላችኋል፤ ነገ ይሞታል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ገመድ የያዘው።

«ዝም እንበለው።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐረር ላይ ሁሉም ነገር ይቻላል፤ ዝም ማለት ግን ከባድ ነው። እማማ ሩቂያ ያኔ ከውስጥ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። «ወላሂ፣ እንግዳዬን የሚነካ ሰው ሁለተኛ በዚህ በር አይገባም» አሉ። በዝግታ ነው የተናገሩት፤ ሰዉ ግን ወዲያው ተበተነ።

ዕፀገነት በጓሮ በኩል ገባች። እማማ ሩቂያና እሷ ሳሎኑ ውስጥ ከፍ ያለው መደብ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ መጋረጃ ስንጥቅ ተራ በተራ ማየት ጀመሩ። እንስሳው አራት ሜትር ያህል ይርቃቸዋል። የጎኑ መስመሮች ነጭ ኖራ በቀጭን ብሩሽ የተሰመረ ይመስላሉ። ጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት አለ። የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ ያልቃል። ዕፀገነት ዓይኗ እንባ እያቀረረ የሚበላውን ታያለች። መዓዛማውን ረሃን ቀነጠሰ፣ ጽጌረዳውን ከነእሾሁ ጋጠ፣ ሬቱን አሽትቶ ተወው።

«ውሃ ላስቀምጥለት?» አሉ እማማ ሩቂያ በሹክሹክታ።

«ግድ የለም፣ ያስቀምጡለት፤ ግን አይጠጣም። እነሱ ውሃቸውን ከቅጠል ነው የሚያገኙት። ብዙ ወር ሳይጠጡ ይኖራሉ።» ይህ የጥናቷ ዋና ሐሳብ ነበር፤ ሁለት ጉባኤ ላይ አቅርባዋለች።

እማማ ሩቂያ ሳፋውን ሞልተው በማጀቱ በር አሾልከው ገፋ አደረጉት። አምባራይሌው ጆሮውን አቆመ። ሲጠብቅ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠጣ። ሳፋው ባዶ እስኪሆን ቀና አላለም።

«ማሻአላህ» አሉ እማማ ሩቂያ።

 የዕፀገነት ሳቅ መጣ፣ እንዳይሰማም አፏን በትራስ አፈነች። በደህናው ጊዜ ቅጠሉ በቂ ነው። ቅጠሉ ራሱ ሲደርቅ ግን ይጠማቸዋል፤ ሲጠማቸው ደግሞ ውሃ ወዳለበት ይወጣሉ። ዱር ለዱር ስትፈልጋቸው የከረመችው እነሱ ሽቅብ ወደ ሰው ሲመጡ ነው።

ለአለቆቿ ደወለች። ማደንዘዣ የሚወጋው ባለሙያ ሩቅ ነው፤ ቢፈጥን ነገ ይደርሳል። ነገ አይሆንም፤ ከመሸ ቅያሱ የጅብ ነው። ጅቡም ይህን በር አይረሳውም። እንስሳው አጥሩን ልዝለል ቢል እግሩ ይሰበራል። ስለዚህ ቀን ለቀን፣ ራሱ ተራምዶ፣ በመጣበት በር መውጣት አለበት።

ወሬውን ሰምተው የመጡት ኦቦ ዓብዱላሂ አንድ እስር ጫት በብብታቸው ይዘው በጓሮ ገቡ። ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ያውቁታል?»

«ቀንዱን አውቀዋለሁ። እስቲ እንሞክረው።» ከእስሩ ጥቂት ለጋ ለጋውን መዝዘው በማጀቱ በር ወረወሩለት። አምባራይሌው ቀርቦ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ ወደ ጽጌረዳው ተመለሰ።

 ኦቦ ዓብዱላሂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይሄኛው ጨዋ ነው» አሉ። «ሌባው ወንድሙ ነው።»

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ከግቢው እስከ ኤረር በር ያለው ቅያስ በግራም በቀኝም ይከፈላል፤ እንስሳው አንዱ ውስጥ ከገባ ጀጎል ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ዕፀገነት የዱር እንስሳ በጨርቅና በግንብ መሀል ያለውን ልዩነት እንደማያውቅ ታውቃለች። ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ ከተወጠረበት ግድግዳ ነው ብሎ ያልፋል። ጨርቅ ያለው ደግሞ የት እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ለማን?» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ልጃቸው ወፍራም ወፍራሙን ጣቃ ከመደርደሪያ ስታወርድ እያዩ። «ለባለ በጠጡ?»

«ለእሱ።»

«መጀመሪያ ልየው።»

መጥተው በስንጥቁ አዩት። ሲያዩ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። ወደ መኪና ግርግር ሄደው ልብስ ሰፊዎቹን አስነሡ፤ ጎረቤት ባለ ሱቆችም ጣቃቸውን ይዘው ወጡ። ለመጋረጃ የታሰበው ቡናማ ጨርቅ፣ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የመጣው ሰማያዊ፣ የወይዘሮ ገላነሽ ወፍራም ጥቁር ሱፍ ሳይቀር ወደ ቅያሱ ተጓዘ።

ሰዓቱን የመረጡት ኦቦ ዓብዱላሂ ናቸው። «ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል» አሉ። «ያን ጊዜ ጀጎል ውስጥ ዶሮም አይራመድም። እኔ የኤረር በር ጫት ሻጮችን ዛሬ በጊዜ እንዲገቡ እነግራቸዋለሁ።» ነገሯቸው። የጫት ሻጮቹ ሴቶች ድንኳናቸውን ገለጥ አድርገው መንገድ ከፈቱ፣ የከተማው ወንድ ጫቱን ይዞ ትራሱን ተደገፈ፣ ባጃጆቹም ቆሙ። ያን ቀን የጫት ጥቅሙ ለአምባራይሌው ሆነ።

በየመታጠፊያው ሁለት ሁለት ሰው ጨርቅ ወጥሮ ከኋላው ተደበቀ። እማማ ሩቂያ «ቢስሚላህ» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወደ ውስጥ ገቡ። ዕፀገነት በጓሮ በኩል መጥታ ራሷን ጥቂት ብቻ አሳየችው።

አምባራይሌው ወጣ። ቅያሱ ላይ ቆሞ አየሩን አሸተተ። ሰማያዊውን ግድግዳ አየ፣ ቡናማውን ግድግዳ አየ፣ ቁልቁል መራመድ ጀመረ። ኮቴው ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ ይላል። ዕፀገነት ከሩቅ ትከተለዋለች፤ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲሄድ ትሄዳለች። ከጨርቆቹ ሥር የሰው ጫማ ይታያል፤ ሳል የሚይዘው ጉሮሮውን ይዟል፤ የሚተነፍስም ያለ አይመስልም።

በሩ ሊታይ ጥቂት ሲቀር የፈይሰል ስልክ ጠራ። ፈይሰል ከወይዘሮ ገላነሽ ጋር ጥቁሩን ሱፍ ይዞ ነበር። ደንግጦ ኪሱን ሲይዝ የጨርቁ ጫፍ ከእጁ ወደቀ። አምባራይሌው ባለበት ወደ ላይ ተወረወረ፣ ዞረ፣ ወደ ተከፈተው መታጠፊያም መጣ። መሀል ላይ ወይዘሮ ገላነሽ ብቻቸውን ቆመዋል።

ዕፀገነት ልትጮኽ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትጮኽ የባሰ ነው።

ወይዘሮ ገላነሽ አልሸሹም። የቀራቸውን የጨርቅ ጫፍ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ዘርግተው፣ ከጨርቁ በላይ ፊታቸው ብቻ ወጥቶ፣ ከእንስሳው ጋር ተፋጠጡ። አፍንጫው ሲርገበገብ ይታያቸዋል። ቀንዱ ከእሳቸው ግንባር በላይ ነው።

«በዚህ አይደለም፣ የኔ ጌታ» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ፣ መንገድ የጠፋውን ደንበኛ እንደሚመሩ ሁሉ። «በሩ በወዲያ ነው።»

ጆሮዎቹ ወደ ድምፁ ዞሩ። ጥቂት አሰበና ራሱን መለሰ፣ ቅያሱን ተከትሎ ወረደ፣ በኤረር በር ወጣ። ውጭ ሲደርስ ሰፊውን ሰማይና ከሩቅ የሚታየውን ሸለቆ አየ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። የድንጋይ እርከኑን እንደ ላባ ተሻገረ፤ ከዚያ ነጭ ጭራው በጫት ማሳዎቹ መሀል ቁልቁል እየዘለለ ሄደ፣ ከግራሮቹም ጋር ተቀላቀለ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም ከጨርቁ ኋላ አልወጣም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ፈይሰል የደወለለትን ሰው ሲረግም ይሰማል።

ወይዘሮ ገላነሽ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። 

«እንዲህ ያለ ፍጡር መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት ልጃቸውን።

«ስንቴ ነገርኩሽ፣ እማዬ።»

«የነገርሽኝ በጠጡን ነው።»

ዕፀገነት ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

በማግስቱ ሶፊ ወረደች። ኦቦ ዓብዱላሂ ጫቱን የሚያጠጡባት ትንሽ ኩሬ ማሳው መሀል ላይ ናት። ካሜራዎቿን ከሸለቆው ነቅላ አመጣችና ዙሪያውን አሰረች። ፎቶዎቹ ሲወጡ ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው አዩ። አምባራይሌዎቹ ሲነጋጋ በጫቱ መሀል አልፈው ወደ ኩሬው ይሄዳሉ፣ ጠጥተው ይመለሳሉ። መንገድ ላይ አንድ ሁለቱ ለጋ ቀንበጥ ቀነጠብ ያደርጋሉ፤ ጥፋቱ ግን የኮቴያቸው ነው፤ ችግኙን ረግጠውታል።

«ይኸው ጫቴን በልተዋል» አሉ ኦቦ ዓብዱላሂ።

«ይኸው የመጡት ለውሃ ነው» አለች ዕፀገነት።

ሁለቱም ደስ አላቸው። ኦቦ ዓብዱላሂና ጎረቤቶቻቸው ከማሳው ግርጌ፣ ዱሩ በሚጀምርበት ጠርዝ፣ ሌላ ትንሽ ኩሬ ቆፍረው ፕላስቲክ አነጠፉባት፤ ትርፉን ውሃ ወደዚያ አወረዱ። ከዚያ ወዲህ ኮቴው እዚያው ቀረ። ዕፀገነትም ጥናቷን ከመሠረቱ ከለሰች። ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ስህተት እንደነበረበት ራሷ ጻፈች፤ የጻፈችው ግን እየተደሰተች ነው፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ከፊተኛው ስለሚበልጥ።

ዝናቡ ሊጀምር ሲል ወይዘሮ ገላነሽ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ስኒከር አድርገው፣ ሻይና ዳቦ ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«ዝም ማለት ያስፈልጋል፣ እማዬ።»

«ዝም ማለት ማን ያቅተዋል?» አሉና እስከ ሶፊ ድረስ ስለ ሱፍ መወደድ አወሩ። ከኩሬዋ ራቅ ብላ በተሠራችው የቅጠል ዳስ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ጸጥ አሉ። ሰማዩ ቀላ ሲል ከግራሮቹ መሀል ሁለት ሴት አምባራይሌዎችና አንድ ግልገል እየተጠራጠሩ ወጡ።

«ቀንዳቸውስ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም።»

«ታዲያ በምን ይከላከላሉ?»

«በጆሯቸው።»

ግልገሉ ውሃው አጠገብ ተንሸራቶ ተቀመጠና እናቱን አየ። ወይዘሮ ገላነሽ የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው ያዙ። እንስሳቱ ጠጥተው ወደ ዱሩ እስኪመለሱ ድረስ ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ሻዩን ቀዱ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ ግልገሉ ስንት ወር እንደሆነው፣ አባቱ የት እንደሄደ፣ ማታ ማታ የት እንደሚያድሩ መጠየቅ ጀመሩ፤ ሐረር እስኪገቡም አላቆሙም።